እንጎብኝ፦ ማልደን፣ ወርቁ ያለቀባት ትንሽ ከተማ



የዛሬው ትምህርታችን ከክፍል ውጪ ነው። ከሜልበርን ወደ ሰሜን ምዕራብ 136 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ማልደን የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ነዋሪዎቿ ከ2 ሺህ አይበልጡም። ዋናውን መንገድ ከዳር እስከ ዳር በእግር ለመጨረስ አሥር ደቂቃ ይበቃል። ታዲያ ትንሽ ናት ብላችሁ እንዳትንቋት! በመላው አውስትራሊያ መጀመሪያ «በታሪኳ የታወቀች ከተማ» ተብላ በናሽናል ትረስት የተሰየመችው እሷ ናት። ጊዜውም 1966 ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ወደኛ የመቀየሩን ዘዴ ወደ ታች ታገኙታላችሁ።)

ይህን ጽሑፍ ከመሄዳችሁ በፊት ሁለት ጊዜ አንብቡት። አንዴ ለራሳችሁ፣ አንዴ ደግሞ ጮክ ብላችሁ ለቤተሰብ። ለምን መሰላችሁ? ማልደን ውስጥ የምታገኟቸው የታሪክ ሰሌዳዎች የተጻፉት በእንግሊዝኛ ነው። አያታችሁ ወይም በቅርቡ ከአገር ቤት የመጡ ዘመድ አብረዋችሁ ቢሄዱ፣ ሰሌዳው ፊት ቆመው «ምን ይላል ልጄ?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። ያን ጊዜ «አሮጌ ቤት ነው ይላል» ብላችሁ ልታልፉ ነው? እንደሱ ከሆነ እሳቸው ያዩት አሮጌ ቤት ብቻ ነው ማለት ነው። በደንብ ካስረዳችኋቸው ግን ከተማዋን ያዩዋታል። ስለዚህ በዚህ ጉዞ አስጎብኚዎቹ እናንተ ናችሁ።

መንገዱ

በመኪና ለሚሄድ ሰው ዋናው መንገድ ካልደር ፍሪዌይ ነው። ከሜልበርን ብዙም ሳትርቁ «ዲገርስ ሬስት» የሚል የቦታ ስም ታያላችሁ። «ዲገር» ቆፋሪ ማለት ሲሆን «ሬስት» ደግሞ ዕረፍት ነው። የጥንቶቹ ወርቅ ቆፋሪዎች ጓዛቸውን ተሸክመው ወደ ወርቁ አገር ሲሄዱ እዚያ አረፍ ይሉ ነበር። እንግዲህ የናንተም መንገድ የእነሱ መንገድ ነው። የመጀመሪያው የአስጎብኚነት ሥራችሁም ይሄው ነው፤ ስሙን ተርጉሙላቸው።

በባቡር መሄድም ይቻላል። ከሳውዘርን ክሮስ ጣቢያ በቤንዲጎ መስመር ካስልሜይን ድረስ ትሄዱና፣ ከዚያ በቪክቶሪያን ጎልድፊልድስ የታሪክ ባቡር ወደ ማልደን ትቀጥላላችሁ። የእንፋሎት ባቡር ነው፤ ጭስ አለው፣ ፉጨትም አለው። በየቀኑ ስለማይሄድ ግን ቀኑን አስቀድማችሁ ጠይቁ። አባት ወይም አያት የድሬዳዋን ባቡር የሚያስታውሱ ከሆነ ወሬው በዚህ ይጀምራል። ባቡር ወደ ማልደን የገባው በ1884 ነው። ወደ ድሬዳዋ የደረሰው በ1902፣ ወደ አዲስ አበባ ደግሞ በ1917 ነው።

ወርቁ እንዴት ተገኘ?

በ1851 ቪክቶሪያ ውስጥ ወርቅ መገኘቱ ተሰማ። ወሬው እንደ ሰደድ እሳት ተዛመተ። ከእንግሊዝ፣ ከአየርላንድ፣ ከጀርመን፣ ከአሜሪካ፣ ከቻይና ሰው በመርከብ ጎረፈ። በ1851 የቪክቶሪያ ሕዝብ 77 ሺህ ያህል ነበር። በ1861 ግን 540 ሺህ ገደማ ደረሰ። በአሥር ዓመት ውስጥ ሰባት እጥፍ ሆነ ማለት ነው!

ማልደን አካባቢ፣ ታረንጋወር በሚባለው ተራራ ሥር፣ ወርቅ የተገኘው በታኅሣሥ 1853 ነው። በዚያው ዓመት በኛ አገር ምን ይደረግ ነበር? ካሣ ኃይሉ በሰኔ ወር አይሻል ላይ ራስ ዓሊን ድል አድርገው ነበር። በየካቲት 1855 ደግሞ ደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። አዲስ አበባ ገና አልነበረችም። እቴጌ ጣይቱና አፄ ምኒልክ የቆረቆሯት በ1886 ነው። ስለዚህ ይቺ ትንሽ ማልደን አዲስ አበባን በ33 ዓመት ትበልጣታለች። ለአዲስ አበባ ልጅ ይህን ስትነግሩት ምን እንደሚል አዳምጡ!

ወርቅ ከድንጋይ ውስጥ እንዴት ይወጣል?

መጀመሪያ ላይ ሥራው ቀላል ነበር። ወርቅ በወንዝ አሸዋና በአፈር ውስጥ ተበትኖ ስለሚገኝ፣ አፈሩን በሰፊ ሳህን ከውሃ ጋር እያዞሩ ማጠብ ነው። ውሃው አሸዋውን ይዞ ይሄዳል፤ ወርቁ ሳህኑ ሥር ይቀራል። ለምን ይቀራል? ከባድ ስለሆነ ነው። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ይመዝናል። ያንኑ ጠርሙስ በወርቅ ብንሞላው ከ19 ኪሎ በላይ ይሆናል። በኢትዮጵያም፣ ለምሳሌ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ፣ ሰዎች እስከ ዛሬ ድረስ በዚህ ዓይነት ዘዴ ወርቅ ያጥባሉ።

የላይ ላዩ ወርቅ ሲያልቅ ግን ችግር መጣ። የቀረው ወርቅ ኳርትዝ በሚባል ነጭና ጠንካራ ድንጋይ ውስጥ፣ ከመሬት በታች ነበር። አሁን ሳህን አይበቃም። ጉድጓድ መቆፈር፣ ድንጋዩን በባሩድና በድማሚት ማፈንዳት፣ ወደ ላይ መጎተት ያስፈልጋል። ከዚያ ድንጋዩን በምድጃ ይጠብሱታል፤ እንዲሰነጣጠቅና ለመፍጨት እንዲቀል ነው። ቀጥሎ በእንፋሎት የሚሠሩ ከባድ የብረት ዘነዘናዎች ይወቅጡታል። ዘነዘና ምን እንደሆነ የማታውቁ ካላችሁ እናታችሁን ጠይቁ፤ ቡና የሚወቀጥበት ነው! የማልደኑ ግን ቀንም ሌሊትም ድንጋይ ይወቅጥ ነበር። በመጨረሻ የተወቀጠውን በውሃ አጥበው በሜርኩሪ ወርቁን ይለያሉ። ሜርኩሪ መርዝ ነው። ድንጋይ የሚቆፍሩትም ሰዎች አቧራውን ስለሚስቡ ብዙዎቹ በሳንባ በሽታ ሞቱ። ወርቅ ያብረቀርቃል፤ ዋጋው ግን ብር ብቻ አልነበረም።

በማልደን ምን እናያለን?

1. ዋናው መንገድ። የሱቆቹን በረንዳ ተመልከቱ። እግረኛውን ከፀሐይና ከዝናብ እንዲያስጥል እስከ መንገዱ ጠርዝ ወጥቶ በምሰሶ ቆሟል። ጣሪያው ደግሞ ቆርቆሮ ነው። አያታችሁ «ይሄማ የኛ ሰፈር ነው!» ቢሉ አትገረሙ። በዚያው በ19ኛው መቶ ዘመን ቆርቆሮ ከፋብሪካ ወጥቶ በመርከብ ዓለምን ዞሯል፤ እዚህም ደረሰ፣ በኋላም አዲስ አበባ ደረሰ።

2. ፖስታ ቤቱ። በ1880ዎቹ መጀመሪያ የዚህ ፖስታ ቤት ኃላፊ አንዲት ባሏ የሞተባት እናት ነበረች። ሁለት ሴት ልጆቿን ያሳደገችው በዚህ ሥራ ነው። ታላቂቱ ልጅ በኋላ ታዋቂ ደራሲ ሆነች። መጻሕፍቷን «ሄንሪ ሃንደል ሪቻርድሰን» በሚል የወንድ ስም ስላወጣች ብዙ ሰው ወንድ ይመስለው ነበር። ከድርሰቶቿ አንዱ ስለ ወርቁ ዘመንና አገሩን ትቶ ስለመጣ አንድ ሐኪም ይተርካል። ሰው ከአገሩ ወጥቶ በባዕድ አገር እንዴት እንደሚኖር ገና በልጅነቷ በቤቷ አይታለች።

3. ሙዚየሙ። ቤቱ መጀመሪያ የገበያ አዳራሽ፣ በኋላም የወረዳው ጽሕፈት ቤት ነበር። የድሮ ዕቃዎችና ፎቶግራፎች አሉበት።

4. የቢሃይቭ ጭስ ማውጫ። ከጡብ የተሠራ፣ 30 ሜትር ያህል የሚረዝም ነው። ከሥሩ የነበረው የእንፋሎት ሞተር ከጉድጓዱ ውሃ ይስብ፣ ድንጋይ ያወጣ ነበር። ሞተሩ የለም፤ ጭስ ማውጫው ግን ቆሟል።

5. የካርማን ዋሻ። በ1880ዎቹ ከሁለት ዓመት በላይ በፈጀ ሥራ ጠንካራ ድንጋይ ተቦርቡሮ የተሠራ፣ 570 ሜትር የሚረዝም ዋሻ ነው። ጎብኚዎች የሚገቡት ሻማ ይዘው ነው። የሚገርመው ነገር፣ ያን ያህል ተለፍቶበት የተገኘው ወርቅ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ከሄዳችሁ መካከሉ ላይ ቆማችሁ፣ እንደናንተው ሻማ ይዞ የሚቆፍረውን ሰው አስቡት። ዋሻው ክፍት የሚሆንበትን ቀን ቀድማችሁ አረጋግጡ።

6. የታረንጋወር ተራራ ማማ። ማማው ቀድሞ ቤንዲጎ ውስጥ በማዕድን ጉድጓድ አፍ ላይ ቆሞ ሰውና ድንጋይ የሚወጣበት ነበር። ከላይ ሆናችሁ ዙሪያውን ስታዩ ጫካው በሙሉ ባሕር ዛፍ ነው። ስሙን አስተውሉ፤ ከባሕር ማዶ የመጣ ዛፍ ማለት ነው። የመጣውም ከዚህ ከአውስትራሊያ ነው። በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1890ዎቹ፣ የማገዶ እንጨት ሲጠፋ አዲስ አበባ ላይ ተተከለ። አያታችሁ እንጦጦ ላይ ያዩት ዛፍ አገሩ እዚህ ነው። ቅጠሉን አሽታችሁ አሽቱላቸው፤ ሽታው ራሱ ይናገራል።

7. የመቃብር ቦታው። እዚህ በጸጥታ ነው የሚገባው። አንድ ጥግ ላይ ቻይናውያን ለሞቱባቸው ሰዎች መታሰቢያ የሚያቃጥሉበት በጡብ የተሠራ ምድጃ አለ። እኛ ተዝካር ወይም ሰደቃ እንደምናወጣው፣ እነሱም በልማዳቸው ሙታናቸውን ያስባሉ። ለቻይናውያን የወርቁ አገር ቀላል አልነበረም። በ1855 የቪክቶሪያ መንግሥት በመርከብ በሚገባ እያንዳንዱ ቻይናዊ ላይ 10 ፓውንድ ቀረጥ ጣለ። ብዙዎቹ ቀረጡን ለማምለጥ በሳውዝ አውስትራሊያ፣ ሮብ በምትባል ወደብ ወርደው፣ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር በእግራቸው ተጓዙ።

ከወርቁ በፊት የማን አገር ነበር?

«ወርቅ ተገኘ፣ ከተማ ተመሠረተ» ብለን ብንጨርስ ግማሹን ታሪክ ተውነው ማለት ነው። ይህ ምድር የጃ ጃ ዉሩንግ ሕዝብ አገር ነው። ነጮቹ በጎች ይዘው ሲመጡ፣ በኋላም ወርቅ ቆፋሪዎቹ ሲጎርፉ፣ ሰዎቹ ከመሬታቸው ተፈናቀሉ። ብዙዎቹ በጥይትና በበሽታ አለቁ። ወንዞቹ ደፈረሱ፣ አፈሩ ከላይ ወደ ታች ተቆፈረ። የጃ ጃ ዉሩንግ ሰዎች በወርቅ ቁፋሮ የተመሰቃቀለውን ምድር «የተገለበጠ አገር» ይሉታል። በ2013 የቪክቶሪያ መንግሥት የአገሩ ባለቤቶች መሆናቸውን በስምምነት ተቀብሏል።

ቋንቋቸውስ? ልጆቹ በቋንቋቸው እንዳይናገሩ ስለተደረገ ከአፍ ሊጠፋ ደርሶ ነበር። ዛሬ ልጅ ልጆቻቸው የተረፉትን ቃላት ከድሮ ጽሑፎችና ከሽማግሌዎች ትውስታ እየለቀሙ እንደገና ይማሩታል። ታረንጋወር የሚለው የተራራው ስምም እንግሊዝኛ አይደለም፤ ከእነሱ የቀረ ነው። እናንተ ቅዳሜና እሁድ ትምህርት ቤት ስትመጡ «ለምን?» የምትሉበት ቀን አለ አይደል? እነሱ ከመቶ ዓመት በላይ ወደ ኋላ ሄደው የሚፈልጉትን ቃል፣ እናንተ ወጥ ቤት ገብታችሁ እናታችሁን መጠየቅ ትችላላችሁ።

ማልደን ለምን ሳትፈርስ ቀረች?

መልሱ ሁለት ነው። የመጀመሪያው ድህነት ነው። ወርቁ ሲያልቅ ሥራ ጠፋ፤ ወጣቱ ወደ ትልልቅ ከተሞች ሄደ። ትልቁ የኖርዝ ብሪቲሽ ማዕድን ጉድጓድ በ1926 ተዘጋ። አሮጌውን ቤት አፍርሶ አዲስ ለመሥራት ገንዘብ ያለው ሰው አልነበረም። ስለዚህ ቤቶቹ እንዳሉ ቀሩ።

ሁለተኛው ውሳኔ ነው። ከ1966 ወዲህ ነዋሪዎቹና መንግሥት «ይሄ ይጠበቅ» አሉ። ሕግ ወጣ፤ ማንም ሰው እንደፈለገ የሱቁን ፊት አፍርሶ በመስታወት መቀየር አይችልም። ይህ አንዳንዴ ያከራክራል። የራሴን ቤት ለምን እንደፈለግሁ አላደርግም የሚል አለ፤ እውነት አለው። ዝም ከተባለ ግን ከተማዋ በአንድ ቀን ሳይሆን አንድ በአንድ ትጠፋለች የሚልም አለ፤ እሱም እውነት አለው። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

በአገራችንም እንዲሁ ነው። ላሊበላ በ1978፣ የጎንደር ፋሲል ግቢ በ1979፣ የሐረር ጀጎል በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆነው ተመዝግበዋል። ግን መዝገብ ብቻውን ግንብ አይጠብቅም። ላሊበላ ዛሬም ይቀደስበታል፤ ጀጎል ውስጥ ዛሬም ሰው ይኖራል፣ ገበያ ይቆማል። ማልደንም ዳቦ የሚጋገርባት፣ ልጆች ትምህርት ቤት የሚሄዱባት ከተማ ናት። የሚኖርበት ነገር አይፈርስም፤ ሲሰነጠቅ የሚያየው ሰው አለና።

የቋንቋ ጥግ

ሀ. ዓመት መቀየር። የአውሮፓውያኑን ዓመት ወደኛ ለመቀየር፣ ከመስከረም 1 እስከ የእነሱ ዲሴምበር መጨረሻ 7 ቀንሱ። ከጃንዋሪ መጀመሪያ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ቀንሱ። ለምሳሌ፦ ማልደን ላይ ወርቅ የተገኘው በዲሴምበር 1853 ነው፤ 7 ሲቀነስ 1846 ይሆናል። ቴዎድሮስ የነገሡት በፌብሩዋሪ 1855 ነው፤ 8 ሲቀነስ 1847 ይሆናል።

ለ. አስጎብኚ እንዴት ይናገራል?
ለወንድ ልጅ፦ ና፣ ተመልከት፣ ተጠንቀቅ።
ለሴት ልጅ፦ ነይ፣ ተመልከቺ፣ ተጠንቀቂ።
ለብዙ ሰዎች፦ ኑ፣ ተመልከቱ፣ ተጠንቀቁ።
ለትልቅ ሰው በአክብሮት፦ ይምጡ፣ ይመልከቱ፣ ይጠንቀቁ።
ልምምድ፦ «እማማ፣ እዚህ ጋ ይምጡ። ይሄ ጭስ ማውጫ 30 ሜትር ይረዝማል። ደረጃው ያዳልጣል፤ ይጠንቀቁ።»

ሐ. አዳዲስ ቃላት።
ማዕድን፦ ከመሬት ውስጥ ተቆፍሮ የሚወጣ ሀብት።
አንጥረኛ፦ ወርቅና ብር አቅልጦ ጌጥ የሚሠራ ባለሙያ።
ቅርስ፦ ከቀደሙት ሰዎች ለእኛ የተላለፈ ነገር።
ቆረቆረ፦ ከተማ መሠረተ።
ተፈናቀለ፦ ከመሬቱ ወይም ከቤቱ ተነቅሎ ወጣ።

መ. ሰምና ወርቅ። አንጥረኛ ጌጥ ሲሠራ መጀመሪያ ቅርጹን በሰም ያበጃል። ሰሙን በጭቃ ይሸፍነዋል። ጭቃው ሲሞቅ ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ በባዶው ቦታ የቀለጠ ወርቅ ይፈስበታል። በቅኔም ላይ ላዩ ትርጉም ሰም፣ ውስጡ የተደበቀው ወርቅ ይባላል። እንግዲህ አማርኛም የሚቆፈር ወርቅ አለው!

ሠ. ተረትና ምሳሌ። «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል።» ምን ማለት ይመስላችኋል? በማልደን ያያችሁትን አንድ ነገር ምሳሌ አድርጋችሁ አስረዱ።

ጥያቄዎች

1. ወርቅ በሳህን ሲታጠብ ለምን ሥር ይቀራል?
2. ድንጋዩን ከመውቀጣቸው በፊት ለምን ይጠብሱት ነበር?
3. ቻይናውያኑ ለምን ሮብ ላይ ወረዱ?
4. ማልደን ሳትፈርስ የቀረችባቸውን ሁለት ምክንያቶች ጻፉ።
5. ከቤተሰባችሁ ስሙ ውስጥ «ወርቅ» ያለበት ሰው አለ? (ወርቁ፣ ወርቅነሽ፣ ወርቅነህ...) ስሙን ማን አወጣለት? ለምን?
6. አያታችሁ ወይም ወላጆቻችሁ ያደጉበት ከተማ ውስጥ እንዲጠበቅ የሚፈልጉት አንድ ቤት፣ ዛፍ ወይም መንገድ የትኛው ነው? ጠይቋቸውና አምስት ዓረፍተ ነገር ጻፉ።

ለወላጆች

ውድ ወላጆች፣ የተዘጋ ጫማና ሹራብ አስይዟቸው፤ ዋሻው ይቀዘቅዛል። አካባቢው ያረጁ ጉድጓዶች ስላሉበት ልጆች ከተሠራው መንገድ እንዳይወጡ ይሁን። ቡናውን በቴርሞስ ይዛችሁ ሂዱ። የእሳት እገዳ በታወጀበት ቀን ደጅ ከሰል ማያያዝ በሕግ የተከለከለ ነው።

አንድ ነገር ግን አደራ። ልጁ ሲያስረዳ ቃል ቢጠፋበት ቶሎ በእንግሊዝኛ አትሙሉለት፤ ትንሽ ጠብቁት። ቢሳሳት ደግሞ ሰው ፊት አትሳቁበት፤ ትክክለኛውን ቃል ቀስ ብላችሁ አቀብሉት። ስድስተኛውን ጥያቄ ሲጠይቃችሁም «ሌላ ጊዜ» አትበሉት። ከማልደን ሲመለሱ መኪና ውስጥ ሁለት ሰዓት ያህል አላችሁ።

መልሶቻችሁን በሚቀጥለው የትምህርት ቀን ይዛችሁ ኑ። የስድስተኛውን ጥያቄ መልስ እያንዳንዱ ተማሪ ክፍል ውስጥ ቆሞ ያነባል።

መልካም ጉዞ!